ከነጭ ግመል ጫፍ የታዩ ፍየሎች

ፖርት ሃርላን፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 6 ቀን 2024

ለተከበርከው የሥጋ ዘመዴ ለሩዲ ኮቫች፣

ሰላምታዬ ሐይቁን፣ ውቅያኖሱንና አሸዋውን አቋርጦ ሳይላላ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ቢሆን ስሙን ጠራሁት እንጂ ክስ አልመሠረትኩበትም።

ቀብር ላይ ካልሆነ የማንገናኝ ዘመዳሞች ስለሆንን ማንነቴን ላስታውስህ። እኔ የኢምሬ ኮቫች የልጅ ልጅ ቬልማ ነኝ፤ አንተ ደግሞ የወንድሙ የላዮሽ የልጅ ልጅ ልጅ ነህ። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1927 በመዶሻና በስድብ ብቻ «ዳክዬዋ» የምንላትን ሮለር ኮስተር፣ ሽቅብ ወጥታ ቁልቁል የምትወረወረዋን የመዝናኛ ባቡር ሠሩ። ዳክዬዋ እስከ ዛሬ ሃርላን ቢች መዝናኛ ውስጥ ቆማ ትንጫጫለች። ቁመቷ ስልሳ ስምንት ጫማ፣ ሐዲዷ እንጨት፣ ጠባይዋ እንደ አያቴ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሐይቅ ዳር የሮለር ኮስተር ተሳፋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝ። አባሎቻችን አርባ ሦስት ናቸው፤ በሕይወት ያሉትን ነው የምልህ። ማኅበሩ ደግሞ መዝገብ አለው። በዚህ መዝገብ ከሁለት መቶ ጫማ በታች ያለ ኮስተር ሁሉ «ተራ» ይባላል። ሁለት መቶ የሞላው ሃይፐር፣ ሦስት መቶ የሞላው ጊጋ፣ አራት መቶ የሞላው ስትራታ ነው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ስድስት መቶ ለሚሞላው ግን አንድ ገጽ ከፍተን፣ ስም የሚጻፍበት አባል አጥተን፣ እሱ እኛን እኛም እሱን ስናይ ሁለት ዓመት ሆነን።

አንተ በበረሃው ውስጥ ስድስት መቶ አሥር ጫማ የሚረዝመውን «ነጭ ግመል» የሚሉትን እየገጣጠምክ ነው አሉ። እንግዲህ ሲጠናቀቅ መሳፈርህ አይቀርም። ተሳፈርና ጻፍልኝ። በዚያ ባዶ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ስም ኮቫች ሆኖ ካየሁት በቃኝ።

ስልክ እንዳትደውል። መዝገቡ የሚቀበለው በእጅ የተጻፈና የፖስታ ማኅተም ያረፈበትን ቃል ብቻ ነው። ሕጉ የወጣው በ1974 አንድ አባል ደውሎ በአንድ ቀን ከሰዓት ሰባት ኮስተር ተሳፈርኩ ካለን በኋላ ነው፤ ለካ የደወለው ከጥርስ ሐኪም ቤት ኖሯል።

ሌላው ነገር እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው። ዳክዬዋ ሜይ 10 ትከፈታለች። በዓመቱ የመጀመሪያ ባቡር፣ ከፊት በግራው ወንበር የሚቀመጠው ኮቫች እንደሆነ ታውቃለህ። ዘጠና ስምንት ጊዜ አንድም ሳይጎድል። በወረርሽኙ ዓመት እንኳ ጭምብሌን አጥልቄ በባዶ ባቡር ብቻዬን ዞሬያለሁ። ፈቃድህ በዚያ ሰሞን ከዋለ ብቅ በል። ካልዋለም ግድ የለም።

ብሎንህ አይላላ፣ ጥላህ አይጥፋ።

አክስትህ ቬልማ

ከፊርማ በኋላ፦ ከጫፉ ላይ ምን እንደሚታይ በደንብ አድርገህ ጻፍልኝ። ይህ ለመዝገቡ አይደለም፤ ለእኔ ነው።


ነጭ ግመል ግንባታ፣ የሠራተኞች ሰፈር
ኖቬምበር 11 ቀን 2024

ለክብርት አክስቴ ለቬልማ ኮቫች፣

እጅግ ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው «ከፍ ያለ» የሚለው ቃል ለወጉ ያህል የሚጻፍ አይደለም። ጉልበትዎን አምላክ ይማርልኝ።

ጥያቄዎ ደርሶኛል። መልሱም በአጭሩ፣ ብሎኖቹ ደህና ናቸው። እስከ ዛሬ አርባ አንድ ሺህ ብሎን ገብቷል። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ያጠብቀዋል፣ ሦስተኛው ይፈርምበታል፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሰፈራችን ከመግቢያው በር ሦስት ማይል ይርቃል። ምሳ ሩዝ ነው፤ እራትም የምሳው ወንድም ነው።

ስለ መሳፈሩ፣ ባቡሩ ገና የሚጓዘው በአሸዋ ከረጢት ነው። ከረጢቶቹ አርባ ጊዜ ተሳፍረው አንዳቸውም አልጮኹም። አለቃችን ዲተር የሚባል ጀርመናዊ ነው። «የሰው ሙከራ በጃንዋሪ» ይላል፤ ጀርመናዊ ደግሞ ጃንዋሪ ካለ ጃንዋሪ ነው፤ ያሳዝናል። ያሳዝናል ያልኩት ሥራው ስለሚያልቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ለማኅበሩ ማስታወቅ ይገባኛል። ግመሉ የቆመው በገደል አፋፍ ላይ ነው። ከስድስት መቶ አሥሩ ጫማ ሁለት መቶ ሠላሳው ብረት ሳይሆን ገደል ነው። ብረቱ ብቻ ከተቆጠረ ማሽናችን ከስድስት መቶ ወርዶ ጊጋ ሊሆን ነው። ይህን ነገር ሳታጣሩ ማንም ሰው ቸኩሎ ቢሳፈር መዝገቡን ማሳሳት ይሆናልና፣ ውሳኔያችሁን በትዕግሥት እጠብቃለሁ። በጣም በትዕግሥት።

ስለ ሜይ፣ ፈቃዴ ገና አልተወሰነም። ሐይቁ ሰላም ይሁንልዎ።

የእርስዎው ሩዲ


ፖርት ሃርላን
ዲሴምበር 2 ቀን 2024

ለውድ ዘመዴ ለሩዲ፣

በረዶ ከጣለበት ደጅ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህን አምላክ እንደ ዲተር ቃል ያጽናልህ። እኔ ከዳሌዬ በስተቀር ደህና ነኝ። (ጉልበት ብዬህ ነበር? ዳሌ ነው። ቅርብ ለቅርብ ናቸው።)

የገደሉ ጉዳይ ማኅበሩን ለሁለት ከፈለው። ኦርቪል ሄክማንን አታውቀውም፤ ጡረታ የወጣ የእንጨት ሥራ መምህር ነው። የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፣ የሊቀ መንበርነቱን ወንበር ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ በዓይኑ ሲለካ ኖሯል። ገና ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ተነሳ።

«ገደሉን የሠራው ማነው?» አለ።

«እግዚአብሔር ነዋ!» አለች ጸሐፊያችን ሚልድረድ።

«እግዚአብሔር የማኅበሩ አባል ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ነገር አትፈልግ።»

«ስብሰባ ላይ አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ገደሉ አይቆጠርም። ማሽኑ ጊጋ ነው። ቀጥሎ ያለውን አጀንዳ!»

እኔም ተነሳሁ። «ኦርቪል» አልኩት፣ «ሐዲዱ እንጨት ከሆነ፣ እግሩ ብረት ቢሆንም ኮስተሩን እንጨት ብለን መዝግበን የለም? ለምን? ጎማው የሚረግጠው ሐዲዱን ነዋ! እዚህም ያው ነው። ተሳፋሪው የሚወድቀው ስድስት መቶ አሥር ጫማ ነው። ሆዱ አፉ ውስጥ በገባበት ሰዓት፣ ይህኛው ብረት ነው፣ ያኛው ገደል ነው ብሎ አይለይም።» ዘጠኝ ለስምንት አሸነፍን። ስለዚህ የሚያግድህ ነገር የለም። ተሳፈር።

ከተሳፈርክ በኋላ ስለሚጠብቅህ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅህ። እኛ ፎቶግራፍ አናምንም። እያንዳንዱ ኮስተር አንድ ጥያቄ አለው፤ መልሱን የተሳፈረበት ሰው ብቻ የሚያውቀው። የነጭ ግመል ጥያቄ ገና አልወጣለትም፤ ጥያቄውን የምናወጣው ካንተ ደብዳቤ ነው። የዳክዬዋ ጥያቄ ግን ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ያው ነው፦ «ዋሻው ውስጥ ምን ይቀበልሃል?» መልሱን የሚያውቀው ሊቀ መንበሩ ብቻ ነው። ኦርቪል ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ቀይ አምፖል» እያለ ይመልሳል፤ እኔም ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፈገግ እላለሁ።

ስለ ወንበሩ ጥያቄ ተነስቷል። መተዳደሪያ ደንባችን «ኮቫች ካልተገኘ ወንበሩ ለነባሩ አባል ይሰጣል» ይላል። ነባሩ አባል ኦርቪል ነው። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ቬልማ፣ ዳሌሽ እንዴት ነው?» አለኝ። እንዲህ በፍቅር ጠይቆኝ አያውቅም።

ሜይ 10ን አትርሳ።

አክስትህ ቬልማ

ከፊርማ በኋላ፦ ምን እንደሚታይ የጠየቅሁህን አልመለስክልኝም።


የሠራተኞች ሰፈር
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025

ለክብርት አክስቴ፣

ስለ መዘግየቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰላምታዬ ዘግይቶ ቢመጣም ሙሉ ነው። ዳሌዎን ይማርልኝ፤ ጉልበትዎንም እግረ መንገዱን።

ተሳፍሬያለሁ።

ጫፉ ላይ መጀመሪያ ያገኘኝ ነፋሱ ነው። ኮፍያዬን ወሰደው። ቁልቁል ሲገለባበጥ አየሁት፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ፣ መንገድ ጠፍቶበት ሰው እንደሚጠይቅ መንገደኛ። በስተ ምዕራብ ገደሉ እንደተቆረሰ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱ ቡናማ፣ ውስጡ ነጭ። ከሥሩ አንዲት ግራር አለች። አሥራ አንድ ፍየሎች ከበዋታል። አንዷ በኋላ እግሮቿ ቆማ ከላይኛው ቅርንጫፍ ትበላለች፤ ሌሎቹ ተራ እንደሚጠብቁ ሰዎች ወደ ላይ ያዩዋታል። እሷ ስትጠግብ ሌላዋ ተተካች።

ወዲያ ማዶ ሰፈራችን ይታያል። ገመድ ላይ ከተሰጣው ልብስ መካከል ሰማያዊው ሸሚዝ የእኔ ነው፤ አንድ እጅጌው እየተውለበለበ ና ውረድ ይለኝ ነበር። ውሃ የጫነው መኪና ከሰፈሩ ተነሳ። አቧራው እንደ ነጭ ጅራት ተከተለው። እስከ መግቢያው በር ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት። በሩ ጋ ሾፌሩ ወርዶ ተንጠራራ፣ ጀርባውን ይዞ ወደ ላይ ወደ እኔ አየ፤ እጄን አወጣሁለት። ያየኝ አልመሰለኝም። ባሕሩ ከሁሉም ወዲያ ነው፤ ባሕር መሆኑን የሚያውቁት ሰማዩ እዚያ ጋ ስለሚያልቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ወረድኩ። መውረዱ መውረድ ነው።

ለመዝገቡ ይህ እንደሚበቃ ተስፋ አለኝ። ሜይ ግን አይመችም፤ የመጨረሻ ፍተሻ አለብን።

የእርስዎው ሩዲ


ፖርት ሃርላን
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025

ለዘመዴ ለሩዲ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የምጽፈውን ብቻህን አንብበው።

ደብዳቤህን በስብሰባው ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ፍየሎቹ ጋ ስደርስ ሚልድረድ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ኦርቪል ሳይቀር ሰዓቱን ለቀቀ። አሥራ አንደኛዋ ፍየል እስክትጠግብ ድረስ ለስብሰባው የተቆረሰውን ኬክ የነካ የለም። በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ ነገር ከማንም ተሳፋሪ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ዓይኔ ቀድሞኝ መስመሩን ወረደና ውሃ ጫኙን መኪና አየሁት።

ልጄ፣ ሰፈራችሁ ከበሩ ሦስት ማይል ነው ብለህ በራስህ እጅ ጽፈህልኛል። መኪናው የቱንም ያህል ቢበር አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ነጭ ግመል ጫፍ ላይ ባቡሩ የሚቆየው ሁለት ሰከንድ ነው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ አሥራ አንድ ፍየል የቆጠረ፣ አንዷ ጠግባ ሌላዋ ስትተካ ያየ፣ መኪና የሸኘና ለሾፌር እጁን ያወጣ ተሳፋሪ እናቱ አልወለደችውም። ተሳፋሪ ሲወርድ የሚያስታውሰው የራሱን ጩኸት ነው። አንተ ብዙ አየህ፣ ሩዲ። አልተሳፈርክም። በሠራተኞች መወጣጫ ደረጃ በእግርህ ወጥተህ ቆመሃል።

ወረቀቱን አጥፌ፣ «የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ኬኩ ተቆርሷል» አልኩ።

«ቀጥይ እንጂ!» አለ ኦርቪል።

«ኬኩ ይደርቃል።»

«ኬኩን ተዪው። ኮፍያ አድርጎ ነው የተሳፈረው? በየትኛው ኮስተር ነው ኮፍያ የሚፈቀደው?»

«በረሃ ነው፤ ፀሐዩ ይከብዳል።»

ሰዓቱን ጫን አደረገው፤ ቀጭ አለ። «እንግዲያውስ ዘመድሽን በሜይ አምጪልን። በግራው ወንበር ይቀመጥ፤ ሲወርድ የዳክዬዋን ጥያቄ ይመልስ። ያኔ ግመሉንም ፍየሉንም አምንለታለሁ።»

አሁን ደግሞ የኔን ውሸት ስማ፤ አንተ ብቻ ስትዋሽ አታምርም። ጉልበቴም ዳሌዬም ደህና ናቸው። ልቤ ነው። ባለፈው ኦገስት ደረቴ ውስጥ የእጅ ሰዓት የምታህል ማሽን አስገቡልኝ። እንደ መዝገባችን አመዳደብ አሁን እኔ ሽቅብ በሚስብ ሰንሰለት ሳይሆን በኤሌክትሪክ የምገፋ ክፍል ነኝ። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ «ወይዘሮ ኮቫች፣ ኮስተር ቀርቷል» አለኝ፤ «ትንሿስ?» አልኩት፤ «ትንሿም» አለኝ። ዳክዬዋ መግቢያ ላይ «የልብ ሕመም ያለበት አይሳፈር» የሚለውን ሰሌዳ በ1988 ቀለም የቀባሁት እኔው ራሴ ነኝ። የገዛ እጅ ጽሕፈትን መጣስ ይከብዳል።

ከኮቫች ወገን የቀረነው አንተና እኔ ነን። ዘጠና ስምንት ጊዜ ተቀምጠናል። ዘጠና ዘጠነኛው ያንተ ነው፤ ካልሆነም የማንም አይደለም። እባክህ ና።

ቬልማ


የሠራተኞች ሰፈር
ማርች 30 ቀን 2025

ለክብርት አክስቴ፣

ስለ ልብዎ ስሰማ የኔው ቆመ። ፈጣሪ በማሽኑም ያለ ማሽኑም ይጠብቅዎ።

እውነት ነው። በእግሬ ነው የወጣሁት፤ በየቀኑ እወጣለሁ። ነጭ ግመል ላይ አልተሳፈርኩም። የትኛውም ኮስተር ላይ ተሳፍሬ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስድስት ኮስተር ገጣጥሜ «አባ ጨጓሬ» የሚሉትን የሕፃናት ባቡር እንኳ አልደፈርኩም። ዲተር በሙከራው ቀን «ሩዲ፣ ና!» ሲለኝ «ብሎን አለብኝ» አልኩት። «ብሎኑ አልቋል» አለኝ። «እንዳለቀ ላረጋግጥ» አልኩት።

ከፍታ አልፈራም። ጫፉ ላይ ቆሜ ሳንድዊች እበላለሁ። የምፈራው አስረውኝ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ነው። እያንዳንዱን ብሎን የፈረመበትን ሰው ደግሞ በቅርብ አውቀዋለሁ፤ እንደማንም ሰው የሚሳሳት ሰው ነው።

በዘጠኝ ዓመቴ ለአጎት ቤላ ቀብር ስንመጣ ዳክዬዋ ላይ ሊያስቀምጡኝ ነበር። የበሩን ምሰሶ ነክሼ አልለቅም አልኩ። እርስዎ ረስተውታል ብዬ ነው የዋሸሁት።

ወንበሩን ለኦርቪል ይስጡት። እኔ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። አራት መቶ ኮስተር ተሳፍረው፣ ከላይ ምን እንደሚታይ እኔን የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው?

ሩዲ


ፖርት ሃርላን
ኤፕሪል 14 ቀን 2025

ለሩዲ፣

ጸብ ሰላምታን አያስቀርምና ሰላም ላንተ ይሁን።

አልረሳሁትም። ምሰሶው ላይ የጥርስህ ምልክት እስከ ዛሬ አለ፤ ቀለም ሲቀቡት እንዳይሸፍኑት እከለክላለሁ። እያወቅሁ ያመንኩህ ማመን ፈልጌ ነው።

ወንበሩን ለኦርቪል ሰጥቻለሁ። አዲስ ጓንት ገዝቷል፤ ቆዳ ነው። ከአዳራሹ ሲወጣ ሲያፏጭ ሰማሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም፤ ለካ ያምርበታል።

ቂም የለኝም። ቀብር ላይ ካልሆነ የማንገናኝ ዘመዳሞች ነን ብዬህ ነበር። እንግዲህ ያኔ እንገናኛለን። የማን ቀብር እንደሚቀድም ኦርቪል በሰዓቱ ይያዘው።

ጥያቄህን ግን አልመልስም። ለተሳፈረ ሰው ብቻ የሚነገር ነው።

ቬልማ


ፖርት ሃርላን ፖስታ ቤት፣ ባንኮኒው ላይ
ሜይ 10 ቀን 2025፣ ከእኩለ ቀን በፊት

ለክብርት አክስቴ ለቬልማ ኮቫች፣ ከመንገዱ ማዶ፣

ሰላምታዬ መንገዱን በሰላም ተሻግሮ ይድረስዎ። ከባቡሩ ስወርድ «አንድ ቃል እንዳትተነፍስ፤ ሂድና ጻፈው» ስላሉኝ ይኸው እጽፋለሁ። ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ቢመስል እኔ ሳልሆን ዳክዬዋ ናት።

የመጣሁት ለተሳፈረ ሰው ብቻ ይነገራል ያሉትን መልስ ፈልጌ ነው። በሩ ላይ ቆመው ያዩትን አልደግምም። ያላዩትን ልንገርዎ።

ጓንቱን አጥልቆ የተቀመጠው ኦርቪል ስሜን ስነግረው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ኮቫች?» አለ። «ኮቫች» አልኩት። ወደ ቀኝ ተጠጋና ግራውን ለቀቀልኝ። «አንተ ልጅ፣ ላብህን አየሁት» አለኝ። ብረቱ ጭናችን ላይ ሲወርድ ልነሳ ሞከርኩ፤ አይነሳም። ያን ብረት የሚይዘውን ብሎን በዓይኔ ፈለግሁት። ፊርማ የለበትም!

«ማነው የፈረመበት?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ብሎኑን!»

«ልጄ፣ ብሎኑ በዕድሜ ከአባትህ ይበልጣል። ተረጋጋ። ይህ ስልሳ ስምንት ጫማ ነው። በመዝገባችን ተራ ክፍል ነው።»

«ተራ ብሎ ነገር የለም!» ብዬ ጮህኩ። ገና ከጣቢያው አልተነሳንም ነበር።

ከዚያ ሰንሰለቱ ያዘን። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ኦርቪል ሰዓቱን አስነሳ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ አላየሁም። ሐይቁን አላየሁም፤ እርስዎንም አላየሁም። የማውቀው ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና መሄዱን ነው። የማን እንደሆነ የማላውቀው እጅ እጄን ያዘኝ፤ ቆዳ ነበር።

ቀጥሎ ጨለማው መጣ። ዓይን ተጨፍኖም ጨለማ ሲጨምር ይታወቃል። ፊቴን ቀዝቃዛ እርጥበት መታኝ፤ ከእርጥበቱ ውስጥ ደግሞ ሽታ። የኮምጣጤ ሽታ። እዚህ ድንች ጥብስ ላይ የሚያርከፈክፉት ኮምጣጤ፣ ግን ያረጀ፣ እንጨት የጠጣው፣ አፍንጫን ይዞ የሚጎትት። አንድ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ፀሐይ።

ስንቆም ኦርቪል፣ «እንግዲህ መልስ! ዋሻው ውስጥ ምን ተቀበለህ?» አለኝ።

«ምንም አላየሁም» አልኩት። «ኮምጣጤ ብቻ ሸተተኝ።»

ጮክ ብሎ ሳቀ። «አምፖሉ ሳያየው አለፈ!» አለ፤ ከዚያ እጄን መያዙ ትዝ ሲለው በችኮላ ለቀቀኝ።

ስለዚህ ጥያቄውን ወድቄያለሁ፣ አክስቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንበሩ ግን ተቀምጦበታል። ዘጠና ዘጠኝ።

ማኅተም የሚመቱት ሴትዮ ሊዘጉ ነው እያሉ ነው።

ሩዲ


ፖርት ሃርላን
ሜይ 12 ቀን 2025

ለሩዲ ኮቫች፣ በሐይቅ ዳር ሞቴል፣ ክፍል 6፣

ከቤቴ እስከ ሞቴልህ አራት መቶ እርምጃ ነው። መንገዱን ከሚረግጠው ሁሉ በላይ ሰላምታዬ ይድረስህ። ፖስታው ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።

መዝገቡን ከፍቼ እየጻፍኩ ነው። የዳክዬዋ ገጽ ላይ ያንተ ስም አሥራ አራተኛው ነው። የተሳፈሩባት አይደለም፤ እነሱማ ሚሊዮን ናቸው። ጥያቄዋን የመለሱት ነው። መልሱ ኮምጣጤ ነው፣ ልጄ። አያቴ ዋሻውን ከድንች ጥብስ ቤቱ ጀርባ ሲሠራ የኮምጣጤ በርሜሎቹን ቀዝቃዛ እንዲሆኑ ከግድግዳው ጋር አስደገፋቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። አምፖሉን አያቴ ሆን ብሎ ነው የሰቀለው። ዓይኑን የገለጠ ሁሉ አምፖሉን እያየ አፍንጫውን ይረሳል። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልሱን ያገኙት ዓይናቸውን የጨፈኑ ፈሪዎች ብቻ ናቸው። አሥራ አራት ፈሪዎች። አንደኛው የዋሻው አናጢ፣ አያቴ ራሱ ነው። አሥራ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

አሁን ተሳፍረሃልና ጥያቄህን ልመልስልህ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ኮስተር ተሳፍሬያለሁ። ተቀምጬ፣ ቆሜ፣ ከሐዲዱ ሥር ተንጠልጥዬ፣ በሆዴ ተኝቼ። ሃይፐር ሃያ ሰባት፣ ጊጋ አምስት፣ ስትራታ አንድ። ሰንሰለቱ ሲይዝ እጨፍናለሁ፤ ፍሬኑ ሲይዝ እገልጣለሁ። ከየትኛውም ጫፍ ምንም ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ማማሩ!» እላለሁ። ላንተ ከመጻፌ በፊት ሌሎችንም ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም የሚነግሩኝ የራሳቸውን ጩኸት ነው። ካንተ በቀር የነገረኝ የለም።

የነጭ ግመልን ጉዳይ በተመለከተ ሊቀ መንበሯ እንደሚከተለው ወስናለች። ኦርቪል ተቃውሟል፤ ለመቃወም እጁን ሲያወጣ ጓንቱን ማውለቅ ረስቶ ነበር። ባዶው ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ስድስት መቶ አሥር ጫማ። ሩዲ ኮቫች። በእግሩ። ክፍል፦ ቆሞ ያየ።» ይህ ክፍል አዲስ ነው። ለጊዜው አንድ አባል ብቻ አለው።

እስከ ዓርብ እዚህ ነህ አሉ። እንዳትመጣብኝ፤ መጀመሪያ ጻፍልኝ። ፍየሎቹ አሥራ አንድ ናቸው ብለህ ነበር። ቀለማቸውን ግን አልነገርከኝም። ከመጀመሪያዋ ጀምር፤ አትቸኩል።

አክስትህ ቬልማ